ከጀግናው አትጀምሩ፦ የዱር ጥበቃን ታሪክ በሰዎቹ በኩል ለማጥናት

ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማርኩ ቀን ሰሌዳው ላይ አሥራ አራት ስም ደረደርኩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የትውልድና የሞት ዓመት አለ። ከላይ ወደ ታች እያነበብኩ ማስረዳት ጀመርኩ። አምስተኛው ስም ላይ ስደርስ የኋላ ወንበር እንቅልፍ ይዞታል። ሰባተኛው ላይ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰው ያልነካው ሸለቆ ነው ብለውናል። ማንም አይኖርበትም ነበር?»

የምናወራው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስላለው ስለ ዮሴሚቲ ሸለቆ ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ለነገ አጣርቼ እመጣለሁ» ብዬ ወደ ስምንተኛው ስም ተሻገርኩ። ማጣራቱ ግን በአንድ ሌሊት የሚያልቅ አልነበረም። ይኸው ጡረታ ወጥቼም አላለቀም።

በነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ታሪክ የደጋግ ሰዎች ዝርዝር ሆኖ ሲቀርብ ያስተኛል። የጠብ ታሪክ ሆኖ ሲቀርብ ግን ማንም አይተኛም። ደግሞ እውነቱም እሱ ነው፤ እያንዳንዱ የተጠበቀ ሸለቆ ሰው የተጣላበት ሸለቆ ነው። ስለዚህ ዛሬ እኔ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። ለራሱ ለሚያነብም፣ ክፍል ለሚያስተምርም፣ ለተፈጥሮ ክበብ ንግግር ለሚያዘጋጅም ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደብተራችሁ ላይም በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። ሁለቱን የቀላቀለ ተማሪ የሞተ ሰው ሕግ ሲያስረቅቅ አግኝቼዋለሁ።

ስም ሳይሆን ቦታ ምረጡ

ደብተራችሁን ሁለት ገጽ ገልጣችሁ መሃሉ ላይ የአንድ ቦታ ስም ጻፉ። ሸለቆ ይሁን፣ ሐይቅ ይሁን፣ ወንዝ ይሁን ግድ የለም። ብቻ ሰው የተጣላበት ይሁን። ከዚያ በአራቱ ማዕዘን አራት ጥያቄ አስቀምጡ። ማን ወደደው? ማን ለሌላ ነገር ፈለገው? ወረቀቱን ማን ሠራው? ማን ይኖርበት ነበር?

ዘዴው ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ግን ሞክሩትና ታያላችሁ። አብዛኛው ጽሑፍ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን በስድብ ያልፈዋል፣ ሦስተኛውን ይረሳዋል፣ አራተኛውን ጭራሽ አያነሳውም። ባዶ የቀረው ማዕዘን ቀጥሎ ምን ማንበብ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ለመለማመጃ ዮሴሚቲን እመክራለሁ። አብርሃም ሊንከን በ1864፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ ሸለቆውን ለካሊፎርኒያ ግዛት በአደራ የሰጠበትን ሕግ ፈርሟል። የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ከሚባለው ከየሎውስቶን በስምንት ዓመት ይቀድማል ማለት ነው።

የወደደው፦ ጆን ሚዩር

ሚዩር በ1838 ስኮትላንድ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው። እጁ ማሽን የሚያውቅ ነበር፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1867 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ መሣሪያ አምልጦት ቀኝ ዓይኑን ወጋው። ቆይቶ የግራውም ማየት ተወ። ሳምንታት በጨለማ ክፍል ተኝቶ ከረመ። ብርሃኑ ሲመለስለት ፋብሪካውን ትቶ ወደ ፍሎሪዳ በእግሩ ወረደ፣ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ። በሚቀጥለው ዓመት ዮሴሚቲ ደረሰ።

ተማሪዎቼ የሚወዱት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። በ1869 ክረምት ሚዩር ወደ ተራራው የወጣው በግ ይዞ ነው። የበግ መንጋ ተከትሎ ነው ያንን አገር ያወቀው። በኋላ እነዚያኑ በጎች «ሰኮና ያለው አንበጣ» ብሎ ሰደባቸው፣ ሜዳውን ሲግጡ አይቶ። እንጀራ የሰጠውን ሥራ መልሶ መክሰሱ ነው። ሰውየውን ሐውልት ሳይሆን ሰው የሚያደርገው እንዲህ ያለው ነገር ነውና ስታነቡ ፈልጉት።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናዘዝ። ሚዩርና ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በግንቦት 1903 ሦስት ሌሊት አብረው ደጅ አድረዋል። ታሪኩ ደስ ይላል። እኔም ለዓመታት «በዚያ ጉዞ ምክንያት ዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ» እያልኩ አስተማርኩ። መሠረት የሌለው ወሬ! ብሔራዊ ፓርኩ ከተቋቋመ 13 ዓመት አልፎታል፤ ጥቅምት 1 ቀን 1890 ነው። በ1906 የተደረገው ሌላ ነው። በግዛቱ እጅ የነበረው ሸለቆ ለፌደራል መንግሥቱ ተመልሶ ከፓርኩ ጋር ተቀላቀለ። ቆንጆ ታሪክ ስትሰሙ መጀመሪያ ዓመቱን አስሉ።

ወረቀቱን የሠራው

ታዲያ 1890 ላይ ማን ነበር? ሮበርት አንደርውድ ጆንሰን የሚባል የመጽሔት አርታኢ ነው። በ1889 ከሚዩር ጋር ተራራው ላይ ድንኳን ተክለው ነበር። ሜዳው በመንጋ ተራቁቶ አዩት። ጆንሰን ነገሩን ወደ ሥራ ቀየረው። «አንተ ሁለት ጽሑፍ ጻፍልኝ፣ እኔ ዋሽንግተን ያሉትን አነጋግራለሁ» ዓይነት ስምምነት አደረጉ። ጽሑፎቹ በ1890 ወጡ፣ ሕጉም በዚያው ዓመት አለፈ። በ1892 ሲየራ ክለብ የሚባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ሲቋቋምም የጆንሰን ጉትጎታ አለበት።

ከዝነኛ ስም ጀርባ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ሰው አለ። አርታኢ፣ ጠበቃ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ሐውልት አያቆሙለትም። እሱን ካላገኛችሁ ግን ፍቅሩ እንዴት ሕግ እንደሆነ አይገባችሁም።

ለሌላ ነገር የፈለገው፦ እዚህ ጊዜ ስጡ

ሄች ሄቺ እዚያው ዮሴሚቲ ፓርክ ውስጥ ያለ ሌላ ሸለቆ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ግድብ ሠርታ ውሃ ልትወስድበት ፈለገች። በሚያዝያ 1906 የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ከተማዋን አወደማት። ከዚያ በኋላ «ውሃ የለንም» የሚለውን ልመና ማን ይቃወማል?

ግድቡን ከደገፉት ዋነኛው ጊፈርድ ፒንሾ ነው። በ1905 የአሜሪካ የደን አገልግሎት የመጀመሪያው ኃላፊ የሆነው ሰው። ፈረንሳይ ሄዶ የደን ሙያ የተማረ፣ ደን ቆራጮችን ሥርዓት ያስያዘ፣ እሱም በራሱ መንገድ የተፈጥሮ ጠበቃ ነው። እምነቱ ደን ለብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ይጥቀም የሚል ነው። ሚዩር ደግሞ አንዳንድ ቦታ እንዳለ ይተው ባይ ነው።

ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ። በ1896 ግራንድ ካንየን ጫፍ ላይ አብረው አድረዋል። አንድ ትልቅ ሸረሪት መጣባቸው። ፒንሾ ሊገድለው ሲል ሚዩር ከለከለው፤ እኛ እዚህ የመሆን መብት እንዳለን ሁሉ እሱም አለው ብሎ። ታሪኩን ያቆየልን ራሱ ፒንሾ ነው። ጠቡን ከማስተማሬ በፊት ሸረሪቱን አስቀድማለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ተማሪ ፒንሾን ክፉ ሰው አድርጎ ሊስለው አይችልም።

ሥራችሁ ይህ ነው፦ ከመፍረዳችሁ በፊት የተቃዋሚውን ክርክር በጣም ጠንካራ አድርጋችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ተቃዋሚው ራሱ ቢያነበው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» የሚልበት መሆን አለበት። ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ሚዩርን የሚወዱትን ተማሪዎች ለፒንሾ እንዲከራከሩ መድቧቸው። እንዴት እንደሚንጫጩ ታያላችሁ! ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚገባቸው።

ሚዩር ተሸነፈ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ግድቡን የፈቀደውን ሕግ በታኅሣሥ 1913 ፈረመ። ሚዩር በዓመቱ ሞተ። ግድቡ በ1923 አለቀ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ዛሬም ከዚያ ትጠጣለች። ሽንፈቱ ግን ፍሬ ነበረው። ፓርኮቹን የሚጠብቅ አንድ መሥሪያ ቤት ባለመኖሩ የደረሰውን ሁሉም አየ። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በ1916 ተቋቋመ። ለዚህ የሮጠው ስቲቨን ማዘር ቦራክስ በሚባል ማዕድን ንግድ የከበረ ነጋዴ ነው። እሱን በሌላ ቀን አንብቡት፤ ምክትሉ ሆራስ ኦልብራይትን ሳትረሱ።

ከ1916 በፊትስ ማን ይጠብቅ ነበር? ወታደር። በ1903 ክረምት የሴኮያ ፓርክን ያስተዳደረው ካፒቴን ቻርልስ ያንግ ነው። በባርነት ተወልዶ የጦር መኮንን የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ። ከነወታደሮቹ በአንድ የሥራ ወቅት ወደ ግዙፎቹ ዛፎች የሚያደርሰውን መንገድ ጨረሰ። ለብዙ ጊዜ ስሙ በዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም። ሦስተኛውን ጥያቄ ስጠይቅ ነው ያገኘሁት።

አራተኛው ማዕዘን

አሁን ወደዚያች ልጅ ጥያቄ እንመለስ። አዎ፣ ሰው ይኖርበት ነበር። አዋኒቺ የሚባሉ ሰዎች። በ1851 ማሪፖሳ ባታሊዮን የሚባል የታጠቀ ኃይል ገብቶ ከሸለቆው አስወጣቸው። ብዙ መጽሐፍ ይህንን ዘመቻ «ሸለቆው የተገኘበት» ብሎ ይጽፈዋል።

ከዚያ ዘመቻ የተረፈ አንድ ንግግር አለ። ወታደሮቹ አንድ ሐይቅ አጠገብ ሲደርሱ ለምርኮኛው አለቃ ለቴናያ «ሐይቁን በስምህ ጠርተነዋል» አሉት። እሱም ስም አለው፣ ፓይዊያክ ነው የምንለው ብሎ መለሰ። ካርታው ላይ ዛሬም ቴናያ ሐይቅ ነው። ይህንን ክፍል ውስጥ ሳነብ ምንም ማብራሪያ አልጨምርበትም።

ሌላም አለ። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች «እንደ መናፈሻ የተዋበ» ያሉት ሸለቆ በራሱ እንደዚያ የሆነ አልነበረም። ነዋሪዎቹ በየጊዜው ሣሩን በልክ እያቃጠሉ፣ ለምግባቸው የሚለቅሙትን የባሉጥ ዛፍ እየተንከባከቡ ያቆዩት ነው። ሲባረሩ ቁጥቋጦው ሜዳውን ወረረው። ሸለቆው ውስጥ የቀረው የመጨረሻው የነባር ነዋሪዎች መንደር የፈረሰው በ1969 ነው። ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዓመት።

ሚዩር ስለ ነባር ሕዝቦችና ስለ ጥቁሮች የጻፈው የሚያሳፍር ነገር አለ። ሲየራ ክለብ በ2020 ይህንን በይፋ አንስቷል። «ታዲያ ሚዩርን እንሰርዘው?» ይሉኛል። እኔ አልሰርዝም፣ አልደብቅምም። እዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው ቀለም እጽፈዋለሁ። ደግሞ «ዘመኑ እንዲያ ነበር» ለሚለኝ መልስ አለኝ። ጆርጅ ካትሊን የሚባል ሠዓሊ በ1832 የአገር መናፈሻ ይከለል ብሎ ሲያስብ ሰውንም አውሬንም አብሮ የያዘ ነበር ሕልሙ። ሐሳቡ በዘመኑ ነበረ ማለት ነው። ያልተመረጠ ሐሳብ ነው።

ሕግን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡ

ቦታ ከለመዳችሁ በኋላ ሁለተኛው መንገድ ሕግ ነው። አንድ ሕግ ውሰዱ፣ ከተፈረመበት ቀን ተነሱና ወደ ኋላ ሂዱ። «ከዚህ በፊት ማን?» እያላችሁ።

መስከረም 3 ቀን 1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የዊልደርነስ (የዱር ምድር) ሕግን ፈረመ። በአንድ ጊዜ 9.1 ሚሊዮን ኤከር፣ ወደ 3.7 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ተከለለ። ዛሬ ከ111 ሚሊዮን ኤከር በላይ ደርሷል። በፊርማው ሥነ ሥርዓት ላይ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ። አሊስ ዛናይዘርና ማርዲ ሙሪ። ከዚህ ጀምሩ፦ ባሎቹ እነማን ናቸው?

የአሊስ ባል ሃዋርድ ዛናይዘር ዊልደርነስ ሶሳይቲ የሚባል የዱር ጥበቃ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ነበር። ተራራ በመውጣት የታወቀ ሰው አይደለም። መነጽር ያደረገ፣ መጽሐፍ የሚወድ፣ ሰውን በትዕግሥት የሚያነጋግር የቢሮ ሰው ነው። ሰፋፊ የውስጥ ኪስ ያለው ኮት አሰፍቶ ነበር፤ የሕጉን ረቂቅና መጽሐፎቹን የሚሸከምበት። ዋሽንግተን ውስጥ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ የሚያዳምጥ ሲያገኝ ከኪሱ አንድ ቅጂ ይመዛል። ረቂቁ በ1956 ምክር ቤት ገባ። ስምንት ዓመት፣ 66 ረቂቅ፣ 18 የምስክርነት ስብሰባ። የመጨረሻው ስብሰባ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በግንቦት 1964፣ በ58 ዓመቱ ልቡ ከዳው። ሕጉ ሲፈረም አራት ወር ሆኖት ነበር።

ተማሪዎቼ ሚዩርን ያደንቃሉ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ያለው ዛናይዘር ጋ ነው። ስድሳ ስድስት ጊዜ አንድን ወረቀት ማረም ምን እንደሆነ የፈተና ወረቀት ያረመ ሰው ያውቀዋል።

በሕጉ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ አንትራመልድ። ጓደኞቹ ለውጠው ብለው ለምነውት አልለወጠም። ብዙ ሰው «ያልተረገጠ» እያለ ይተረጉመዋል። ስህተት ነው። ትራመል መረብ ነው፤ የፈረስ እግር የሚታሰርበት ነገርም ነው። ስለዚህ ቃሉ «ያልተጠፈረ» ለሚለው ይቀርባል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተረገጠ ምድርም ያልተጠፈረ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሊያልፍበት ይችላል፣ ግን አያስረውም። በአማርኛ ስትጽፉ «ሰው ያልነካው» ከማለታችሁ በፊት አስቡበት። ደግሞ የእኛው ቋንቋ ዱርን ባዶ አድርጎ አያውቅም። «ዱር ቤቴ» የሚል ሰው አለን።

ወደ ኋላ እንቀጥል። ከዛናይዘር በፊት ቦብ ማርሻል አለ። የሀብታም ጠበቃ ልጅ፣ በቀን ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚራመድ ጉደኛ። በ1934 ቴነሲ ውስጥ ወደ አንድ የደን ጉብኝት ሲሄዱ እሱና ጓደኞቹ መኪና አቁመው መንገድ ዳር ቁጭ አሉ፣ ማኅበር እናቋቁም ብለው ተከራከሩ። ዊልደርነስ ሶሳይቲ በ1935 የተወለደው ከዚያ ነው። ማርሻል በ1939 ባቡር ውስጥ ሞቶ ተገኘ፣ 38 ዓመቱ ነበር። ከውርሱ ከፊሉን ለዱር ጥበቃ ተናዟል። ዛናይዘር የሠራበት ቢሮ በዚያ ገንዘብም ቆሟል።

ከማርሻል በፊት አርተር ካርሃርት አለ። በ1919 ኮሎራዶ ውስጥ ትራፐርስ ሐይቅ ሄደህ የመዝናኛ ቤት ቦታ ሸንሽን ተብሎ የተላከ የመሬት ገጽታ ንድፍ ባለሙያ። ለክቶ ሲመለስ፣ ይህ ሐይቅ ዳር አንድም ቤት አይሠራ አለ። የታዘዘው ተቃራኒውን ነበር። ያንኑ ዓመት ታኅሣሥ ዴንቨር ቢሮው ድረስ መጥቶ ያነጋገረው አንድ ወጣት የደን ባለሙያ አለ፤ አልዶ ሊዮፖልድ። ሊዮፖልድ ባቀረበው ሐሳብ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጊላ የሚባለው አገር በ1924 ተከለለ። አያችሁ፣ ከፊርማው ተነስተን አርባ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደን አንድ ሐይቅ ዳር ደረስን።

ሁለተኛውን ማዕዘን እዚህም አትርሱ። ረቂቁን ለዓመታት አንቆ የያዘው የኮሎራዶው ተወካይ ዌይን አስፒናል ነው። በመጨረሻ ያለፈው ስለተደራደሩ ነው፤ አዲስ የማዕድን ይዞታ እስከ 1983 መጨረሻ እንዲፈቀድ ተስማምተው። ድል ሲነግሯችሁ ዋጋውን ጠይቁ። ዛናይዘርና የሲየራ ክለቡ ዴቪድ ብራወር በ1956 ኢኮ ፓርክ የሚባለውን ካንየን ከግድብ አድነዋል። በዚያው ስምምነት ግን ግሌን ካንየን ለግድብ ተለቀቀ። ብራወር ግሌን ካንየንን ያየው ከተስማማ በኋላ ነው። እስኪሞት ጸጸተው።

ሐሳቡን የለወጠበትን ገጽ ፈልጉ

ሊዮፖልድ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1909፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ሳለ፣ አሪዞና ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ተኩላ ተኩሰው ገደሉ። ያኔ ተኩላ ሲያንስ አጋዘን ይበዛል፣ ተኩላ ከጠፋ ደግሞ ለአዳኝ ገነት ነው ብሎ ያምን ነበር። ስትሞት ዓይኗ ውስጥ ያየው አረንጓዴ እሳት ግን አልለቀቀውም። ያንን የጻፈው በ1944 ነው። በመሃል ሠላሳ አምስት ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት ተኩላ የሌለበት ተራራ በአጋዘን ተግጦ ሲራቆት አይቷል።

ብዙ ጽሑፍ ተኩሱንና ጸጸቱን በአንድ ቀን የሆነ አስመስሎ ያቀርበዋል። እናንተ ሁለቱን ዓመት ለየብቻ ጻፉና በመሃል ያለውን ሙሉ። ሰው እንዴት እንደሚለወጥ የሚታየው እዚያ ነው። ሊዮፖልድ በ1948 የጎረቤት ሣር ሲቃጠል ሊያጠፋ ሄዶ እዚያው ሞተ። መጽሐፉን አሳታሚ ከተቀበለው አንድ ሳምንት ሆኖት ነበር። ቀኑ ሚያዝያ 21 ነው፤ ሚዩር የተወለደበት ቀን። ትርጉም የለውም፣ ግን ለማስታወስ ይረዳል።

ሴቶቹን ለማግኘት

የማኅበር ሊቀ መንበሮችን ዝርዝር ይዛችሁ ብትፈልጉ አታገኟቸውም። ደብዳቤ የጻፈውን፣ የቆጠረውን፣ ቤቷ ስብሰባ የጠራችውን ፈልጉ።

በ1896 ቦስተን ውስጥ ሃሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል ወይዛዝርቱን ሻይ እየጠሩ፣ ለባርኔጣ ጌጥ ሲባል ወፍ እንዳይገደል አሳመኑ። የማሳቹሴትስ ኦዱቦን ማኅበር ከዚያ ወጣ። በዚያ ንግድ ሰበብ ሰው ሞቷል። ጋይ ብራድሊ የተባለ የወፍ ጠባቂ በ1905 ፍሎሪዳ ውስጥ በአዳኞች ተገድሏል።

ሮዛሊ ኤጅ ደግሞ ሌላ ናት። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች፣ ጠብ የማትፈራ ሴት። በ1934 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሆክ ማውንቴን የሚባለውን ሸንተረር፣ 1,400 ኤከር ገደማ፣ ተከራየችው። አዳኞች እዚያ ቆመው የሚያልፈውን ጭልፊት ሁሉ ለጨዋታ ይጥሉ ነበር። ሞሪስ ብራውን የሚባል ጠባቂ ቀጠረች፤ ሚስቱ ኢርማ በሩ ላይ ቆማ አዳኞችን ትመልሳለች፣ እሱ የሚያልፉትን ወፎች ይቆጥራል። በየቀኑ፣ በየዓመቱ። በኋላ ሬቸል ካርሰን ስለ ፀረ ተባይ መርዝ ስትጽፍ የወጣት ንስሮች ቁጥር መመናመኑን ያገኘችው ከዚያ ቆጠራ ነው። አንድ ኪራይ ውል እዚህ ድረስ ሄደ።

ማርዲ ሙሪን ከላይ አግኝተናታል። በ1956 ከባሏ ከኦላውስ ጋር ሰሜን አላስካ ሺንጄክ ወንዝ ላይ ከርማለች። በ1960 የአርክቲክ የዱር እንስሳት ክልል ሲታወጅ ያ ጉዞ ድርሻ ነበረው። ኖራ ኖራ በ101 ዓመቷ በ2003 አረፈች።

አሜሪካ ላይ ብቻ አትቁሙ። የደቡብ አፍሪካውን የዱር ጠባቂ ኢያን ፕሌየርን ስታነቡ ከጎኑ ማቁቡ ንቶምቤላን አስቀምጡ። ነጭ አውራሪስን ከመጥፋት ያዳነው፣ ኡምፎሎዚ በሚባለው የዱር ክልል የተሠራው ሥራ ሲነሳ የፕሌየር ስም ይጠራል። ፕሌየር ግን ዱርን ያስተማረኝ ንቶምቤላ ነው ይል ነበር። የዙሉ ሽማግሌ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል። ወረቀት ያልጻፈን ሰው በሌሎች ወረቀት ውስጥ ነው የምታገኙት። ስለዚህ የታዋቂውን ሰው ምስጋና ገጽ ሁልጊዜ አንብቡ።

ጥቅስ ከመለጠፋችሁ በፊት

ሚዩር «ተራሮቹ ይጠሩኛል፣ መሄድ አለብኝ» አለ የሚል ጽሑፍ በየቲሸርቱ ታያላችሁ። እውነት ነው፣ ብሏል። በ1873 ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ። ግን ዓረፍተ ነገሩ እዚያ አያልቅም። እስከቻልኩ ድረስ ሳላቋርጥ እያጠናሁ እሠራለሁ ብሎ ይቀጥላል። ቲሸርቱ ሽርሽር የሚሄድ ሰው ያስመስለዋል፤ ሰውየው የበረዶ ግግር ሊያጠና ሥራ እየገባ ነው። ጥቅስ ስታገኙ ጭራው ተቆርጦ እንደሆነ እዩ።

የዋናውን ሰነድ ማየት ከባድ አይደለም። የሚዩርን ደብዳቤዎች የፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ፣ የሊዮፖልድን ወረቀቶች የዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋቸዋል። የምክር ቤት ምስክርነት ቃለ ጉባኤ ካገኛችሁ ከተቃዋሚዎቹ ጀምሩ። በግ አርቢው፣ እንጨት ነጋዴው፣ ማዕድን ቆፋሪው። የሚናገሩት ስለ ኑሯቸው ስለሆነ ቋንቋቸው ከተሟጋቾቹ ይልቅ ሕያው ነው።

ለንግግር የምትዘጋጁ ከሆነ ደግሞ አርባ ደቂቃ ለአንድ ቦታ ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም። ሰሌዳውን በአራት ክፈሉት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማዕዘኖች እናንተ ሙሉ። አራተኛውን ባዶ ተዉትና ዝም በሉ። ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣል።